የብቻ ሰሃን

«የኔ እጅ ነው ያስጠላሽ ወይስ የጉሌድ?»

ኢዲል ድርሻዋን ከትሪው በማንኪያ ወደ ሰማያዊ ሰሃኗ ገለበጠችና ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት የሳቢያን ሰፈር ሙቀት ሌላ ነው፤ ሩዙ ቀድሞ በሰለ እንጂ ሰዉም እየበሰለ ነበር። እናቷ ፋርቱን መውለጃዋ ደርሶ የገፋ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ትሪው ላይ የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ታያለች።

«ታይዋን ገበያ የምውለው ልብስ ልሸጥ ነው፤ ቆሻሻ ልጠርግ አይደለም። ሃይስኩል ገባሁ ብለሽ ነው?»

«አይደለም ሆዮ» አለች ኢዲል። እናቷን በሶማልኛው «ሆዮ» እያለች ነው ያደገችው።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ምንም።»

«ፈረንጅ ሆናለች» አለ ትንሹ ወንድሟ ጉሌድ አፉን ሞልቶ። ማንም አልሳቀለትም።

በዚያ ቤት የተኳረፈ ሰው እንኳ ከትሪው አይነሳም። አባቷ ከባድ መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ መንገድ ሲመለስ ከፋርቱን ጋር እስከ ጎረቤት የሚሰማ ጭቅጭቅ ቢገጥም፣ ምሳ ሲቀርብ ግን ሁሉም እጅ አንድ ትሪ ላይ ነው። ፋርቱን ለሩዙ የሚቀርበውን ሙዝ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሁልጊዜ በኢዲል በኩል ታስቀምጣለች። እና የብቻ ሰሃን እዚህ ቤት ስድብ ነው፤ ያውም ለእናት። ኢዲል ይህን ታውቃለች። ብታውቅም ምንም አልተሰማትም። በልታ ስትጨርስ ሰሃኗን ራሷ በበረኪና አጥባ ከሌላው ዕቃ ለይታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ነገሩ የጀመረው በራስ ምታት ነው። ታይፎይድ መስሏት ከጓደኛዋ ከኒምኮ ጋር ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች። ታይፎይድ የለባትም። እግረ መንገዱን የታየው ሌላ ምርመራ ግን ጣጣ ይዞ መጣ። የላቦራቶሪዋ ሴት ለብቻዋ ጠርታ፣ ጉበት ላይ የሚቀመጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ እንዳለባት ነገረቻት።

«አትደንግጪ። እናትሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት።

ባትባልም አልደነገጠችም ነበር። ወጥታ ለኒምኮ «ምንም የለም» አለቻት፤ ሳምቡሳ ገዝተው በሉ። ቤት ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና የዓይኗን ነጭ አየች። የወፍ በሽታ ዓይን ቢጫ ያደርጋል ሲሉ ሰምታለች፤ የሷ ግን ነጭ ነው። ልታለቅስ ሞከረች፤ እንባው እምቢ አለ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አራተኛ ክፍል እያለች ባዶ ቦታ ሞልታ ድፍን ማርክ አግኝታበታለች። ተረት ለፈተና ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ግን ማን ያስታውሰዋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰፈሩ ከሰማ የእናቷን ልብስ ማን ይገዛል? ስለዚህ ዝም ብላ፣ ቢያንስ ጉሌድን ላድን ብላ፣ ራሷን ከትሪው ለየች።

በዚያ ምሳ ማግስት ባዮሎጂ ነበራቸው። መምህር ሮብሌ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል እያስተማሩ ጉበት ላይ ደረሱ። ኢዲል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የጉበት ቫይረስ ጉበቱን በቀጥታ የሚበላው ይመስላችኋል» አሉ። «አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን የራሳችን መከላከያ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ቫይረሱ የተደበቀበትን የጉበት ሴል እያደኑ ይገድላሉ። ሌባ ለመያዝ ቤት እንደማፍረስ በሉት። ትልቅ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ሲይዘው ሊታመም፣ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ግን ተዋግቶ ያጸዳዋል።»

«ሕፃን ከሆነስ?» ኢዲል መናገሯን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲወለድ የገባበት ከሆነ፣ የሕፃኑ መከላከያ ገና ወዳጅና ጠላት አልለየም። እንግዳውን የቤት ልጅ ነው ብሎ ይተወዋል። ብዙ ዓመት አብረው ይኖራሉ። መከላከያው አንድ ቀን ነቅቶ መዋጋት ሲጀምር ነው ጉበቱ የሚጎዳው። ለዚህ ነው ክትትል የሚያስፈልገው፤ መድኃኒትም አለ።»

«እስከዚያ ምንም አይሰማውም?»

«ምንም።»

ምንም አለመሰማት ምን እንደሆነ ከክፍሉ ሁሉ ኢዲል ታውቃለች።

ኒምኮ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያጎቴ ሚስት ይሄ ያለበት ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ትሰብራለች። ወላሂ።»

«ብርጭቆው ምን አጠፋ?» አሉ መምህሩ፤ ክፍሉ ሳቀ። «በሰሃን፣ በብርጭቆ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በደም፣ በምላጭ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ። እናትየው ቀድማ ከተመረመረች፣ ሕፃኑም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከተከተበ በአብዛኛው ይተርፋል። ቤት የተወለደውን ግን በዚያ ቀን ማን ይከትበዋል?»

ኢዲል የተወለደችው መልካ ጀብዱ፣ አያቷ ቤት ነው። ፋርቱን አሁንም ልትወልድ አርብ ወደዚያው ልትሄድ ነው። ገበያዋን ትታ ለምርመራ መሰለፍ አትወድም፤ «ሁለት ወልጃለሁ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ነው መልሷ። ኢዲል በእናቷ መናደድ ይገባት እንደሆነ አሰበች። ንዴቱን ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ብትነግራት «ያስያዝሽኝ አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም» ማለቷ ነው። ባትነግራት ደግሞ ሌላ ሕፃን አለ።

«ምን ሆነሻል? ሙድሽ ጠፍቷል» አለች ኒምኮ ባጃጅ ውስጥ።

«እናትሽን የሚያሳዝን ነገር ብታውቂ ትነግሪያታለሽ?»

«ኧረ ተይ አቦ። አያቴ ዝም አይነቅዝም ትላለች።»

ዝም አይነቅዝ ይሆናል። አርብ ግን ይደርሳል።

ቤት ስትገባ በሩ አጠገብ የጉዞ ሻንጣ ተከፍቶ፣ የሕፃን ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። ትሪው ቀርቧል። ሰማያዊ ሰሃኗም ከትሪው ርቃ፣ ሩዝ ተሞልታ፣ በላይዋ አንድ ሙሉ ሙዝ ተደርጎባት ለብቻዋ ተቀምጣለች። ዛሬ ያቀረበችላት እናቷ ናት።

«ብዪ» አለች ፋርቱን ቀና ሳትል። «እጄን አላስነካሁትም፤ በማንኪያ ነው ያወጣሁት።»

ኢዲል ቆመች። ከክሊኒኩ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ወጋት። ሰሃኑን አነሳችና ሩዙን መልሳ ትሪው ላይ ገለበጠችው። ከዚያ እናቷ ጎን ተቀመጠች፣ እንደ ድሮው ጉልበታቸው እስኪነካካ።

«ተጸይፌያችሁ አይደለም፣ ሆዮ። ፈርቼላችሁ ነው።»

የፋርቱን እጅ ትሪው ላይ ቆመ። «ምኑን?»

ኢዲል እጇን ሩዙ ውስጥ ከተተች። ትኩስ ነው፤ ጣቶቿን ፈጃት፤ ግን አላወጣችውም።

«አርብ አትሂጂ። መጀመሪያ ነገ ክሊኒክ አብረን እንሂድ። እየበላን እነግርሻለሁ።»

ፋርቱን ሙዙን አንስታ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን በኢዲል በኩል አስቀመጠች።

«ንገሪኝ» አለች።

ኢዲል ከራስ ምታቱ ጀመረች።