አስር አለቃው «ግባ» ሲል

ማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የወለሉን ግማሽ ይዛለች...

ይህን የምለው «ሸለብ አድርጎሽ ይሆናል» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው።

አላሸለበኝም። ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላሁ ቆይቻለሁ።

ሥራዬ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን ማማከር ነው። እነሱን ብቻ ሳይሆን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውንም። ጦርነቱ በሬዲዮ አልቋል፤ በየቤቱ ግን አላለቀም። ሙያውን የተማርኩት ሩቅ አገር ነው። እዚያ ሁሉም ጥያቄ መልስ ነበረው። ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት፣ ትናንት የማውቀው ነገር በሌሊት ቀንሶ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ከማማክራቸው ሰዎች አንዱን ሰፈሩ ሁሉ «አስር አለቃው» ይለዋል። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን «እርስዎ» ስለው፣

«አንቱ አትበይኝ እህቴ፤ ደከመኝ እንጂ አላረጀሁም» አለኝ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሚጣ ነው የሚሏት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ፣ ሚጣ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካችው።

እሱ በደንብ ሲነቃ የልጅቷ ክንድ ተሰብሮ ነበር።

የሰበረው ራሱ ነው። አላወቃትም።

በማግስቱ ሚስቱ ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም።

«ልተወው አልፈልግም» አለችኝ። «ግን አንድ ነገር ቢደገም ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ነኝ። ባሌን ሳስታምም ልጄን አልቀብርም።»

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁላቸው።

እሱ ወዳለበት ክፍል ማንም ዝም ብሎ አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ነኝ» ይላል። እሱ «ግባ» እስኪል ይጠብቃል። ሳይፈቅድ ማንም እንደማይደርስበት ሰውነቱ እስኪያምን ድረስ።

«ባሕር ማዶ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው በር ማንኳኳት ነው?» ብላ ሚስቱ ሳቀችብኝ።

ግን ሠራ።

መደንበሩ ቀነሰ። እንቅልፍ መተኛት ጀመረ። ሚጣማ ጨዋታ አደረገችው፤ ውኃ ልትጠጣ ወጥታ ስትመለስ እንኳ በር ላይ ቆማ «እኔ ነኝ» ትላለች። ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚህ አገር የምጠቅም ሰው መሰልኩ።

ከዚያ ሚስቱ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አንቺ... ደንቡን ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ለእናንተ ነዋ። ምነው?»

«ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን... ወደ በሩ ዞሮ 'ግባ' ይላል።»

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነማ አንቺን ልጠይቅ ነው የደወልኩት።»

በማግስቱ በአራት ሰዓት እዚያ ነበርኩ።

ከፍታ አስገባችኝና በሩን መልሳ ቆለፈች። ቁልፉን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከመግቢያው እስከ ሳሎኑ አጭር ኮሪደር አለ። ሳሎኑ በር ላይ ያለው የእግር መጥረጊያ እርጥብ ጭቃ ነበረበት።

«ዘንቦ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«ዝናብ ካየን ቆየን» አለች። «እኔ በየጠዋቱ አጥበዋለሁ። ማን እንደሚያቆሽሸው አትጠይቂኝ።»

ገባን። በሩን ዘጋችው። አስር አለቃው ከበሩ ትይዩ ተቀምጧል። ሚጣ ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ ሶፋው ላይ ሆና በደህናው እጇ ክር ትተረትራለች። እናትየው መስኮቱ አጠገብ ካለው የስፌት መኪና ጀርባ ተቀመጠች። ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ መስፋት ጀመረች።

«የሚመጣው ማነው?» አልኩት።

ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

«ጥበቃ ላይ ነበርኩ» አለ። «ጭጋግ ነው። የገዛ እጅሽ አይታይሽም። ኮሽ አለ። 'ማነው?' አልኩ። 'እኔ ነኝ' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰው ሁሉ እኮ 'እኔ ነኝ' ነው። ስም የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። ተኮስኩ።»

«ሰው ሞተ?»

«ጭጋጉ ሲገፈፍ ሄደን አየን። ማንም የለም። ደም የለም። ጭቃው ላይ ወደ እኛ የሚመጣ ዱካ አለ... የሚመለስ ዱካ የለም።»

እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ።

«አሁን መጥቶ ደጃፌ ቆሞ 'እኔ ነኝ' ሲለኝ ምን ልበለው? ግባ አልኩት። ግባ ካልኩት ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ያንቺ በር ማንኳኳት አይደለም፣ አትቀየሚኝ።»

የተማርኩት መልስ ነበረኝ። ጸጸት ድምፅ ያወጣል፤ የደከመ አእምሮ ያየውንና የፈራውን አይለይም። ስናገረው ለራሴም የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ። ቢሆንም ተናገርኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለሚስትህና ለልጅህ ብቻ ነው የምትመልሰው» አልኩት። «ለሌላ ድምፅ አትመልስ።»

«ቢቆጣስ?»

«የሚቆጣ ሰው የለም።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ከበሩ ውጭ፣ መጥረጊያው ላይ፣ አንድ ሰው እግሩን ይጠርጋል። ቀስ እያለ... አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«እኔ ነኝ።»

የወንድ ድምፅ ነው። ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ድምፅ።

እኔም ሰማሁት። ከደረጃው የመጣ ነው ልላችሁ እፈልግ ነበር።

አስር አለቃው አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ... አትመልስ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ። ክፈትልኝ እንጂ።»

አሁን የሴት ድምፅ ነው።

የሚስቱ።

ዞር ብዬ አየኋት። ስፒሎቹ አሁንም በከንፈሯ መሃል ናቸው። አፏ አልተከፈተም። ዓይኗ ብቻ ነው የተከፈተው።

«እሷ እዚህ ናት» አልኩት በሹክሹክታ። «ዝም በል።»

ዝም አለ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ።

በኋላ፣ ከበሩ ታችኛው ክፍል አካባቢ፣ ዝቅ ካለ ቦታ...

«አባዬ... እኔ ነኝ። ክንዴን አመመኝ።»

ሚጣ ክሩን ጣለች።

«እማዬ» አለች። «እኔ አልተናገርኩም።»

አስር አለቃው ልጁን አየ። በሩን አየ። እንደገና ልጁን።

«የትኛዋ ናት?» አለኝ።

«ልጅህ ሶፋው ላይ ናት። ተመልከታት።»

«ብሳሳትስ? ሁለት ጊዜ?»

«አልተሳሳትክም። እመነኝ።»

«ያኔም ያመንኩት ሰው ነበር» አለ። «ተኩስ ብሎኝ ነው።»

ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ አባት በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ፣

«ግቢ» አለ።

እጀታው ዞረ። በሩ ተከፈተ... አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው እንደሚከፍተው፣ እየቆመ እየቆመ።

ማንም የለም።

ሚጣ ሶፋው ላይ ወደ ጥግ ተጠጋች።

«ለማን ነው ቦታ የምትለቂው?» አልኳት።

አጠገቧ ያለውን ክፍት ቦታ ነበር የምታየው።

እናትየው አልጮኸችም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልጇን አቀፈች። ከኪሷ ቁልፉን አወጣች። ባሏ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ጠልቼህ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ። ይዘሻት ሂጂ» አለ። «እኔ እዚህ እሆናለሁ።»

ተያይዘን ደረጃውን ወረድን።

መንገዱ እንደማንኛውም ጠዋት ነበር። አውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይጋፋል። ሚስቱ ታክሲ አስቁማ ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገር፣ የሚጣን ደህና እጅ ይዤ ቆምኩ። ነገ ሐኪም ቤት አልጋ አዘጋጅቼ ራሴ መጥቼ አባትሽን እወስደዋለሁ አልኳት። ይሻለዋል፣ ትመለሳላችሁም አልኳት። እንደማምንበት አድርጌ ነው ያልኩት።

«አባዬ ብቻውን አይደለም» አለች ሚጣ።

ቀና አልኩ። ወደ ሦስተኛው ፎቅ።

አስር አለቃው መስኮቱ ላይ ቆሟል። ፊቱን እንደዚያ አርፎ አይቼው አላውቅም። አንድ ክንዱን አጥፎ የሆነ ነገር አቅፏል፤ ከመጋረጃው ጥላ የተነሣ ያቀፈው ነገር ፊት አይታይም። በሌላው እጁ የአንዲትን ትንሽ እጅ አንጓ ይዞ፣ ሕፃንን ደህና ሁኑ ማለት እንደሚያስተምር ሰው፣ ቀስ አድርጎ ወደ እኛ ያወዛውዛታል።

ሚጣ እጇን ከእጄ አወጣች።

ወደ ላይ አነሣችና መለሰችላት።