ከባልዲ የተረፈ ሲሚንቶ

ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ ለስኛለሁ። ከእጄ የሚወጣ ሥራ እንከን የለበትም እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ሠራሁት ሥራ ሳይሆን ስላልሠራሁት ነው።

የቤታችን በር የሚከፈተው ከስኬትቦርድ መጫወቻው ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ለማታውቁት፣ ስኬትቦርድ ማለት ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው ጣውላ ነው፤ ልጆቹ ቆመውበት በሲሚንቶው ተዳፋት ላይ ሽው ይላሉ። ሜዳው ሲከፈት ከሁሉ በላይ ያጉረመረምኩት እኔ ነበርኩ፤ የጎማው ድምፅ ራሴን አዞረው። እያደር ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደዚያ ተሳበ። በየመንገዱ ጥግ ተኮልኩለው አላፊ አግዳሚውን ሲለክፉ የሚውሉት ጎረምሶች ጣውላ ይዘው ላብ በላብ ሲሆኑ አየን። ከሥራ አምሽተው የሚመለሱ እናቶች ልጆቻቸውን የት እንደሚያገኙ አወቁ። ጉልበቷን የሚያማት ባለቤቴ እንኳን አመሻሽ ላይ ሜዳው ጠርዝ ላይ ካልተቀመጠች ቀኑ ያለቀ አይመስላትም ነበር።

የሜዳው ነፍስ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ኪሷ ከጠመኔ ስለማይለይ «ባለጠመኔዋ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሾቹን በነፃ ታሠለጥናለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ እየደራረበች ለልጆቹ የጉልበት መከላከያ ትሰፋላቸዋለች።

ጠመኔው እንዲህ ነው። በትልቁ ተዳፋት ግርጌ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ነበር። መጀመሪያ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ፣ ኋላ መዳፍ የምታክል ጉድጓድ ሆነች። ጎማው እዚያ ከተቀረቀረ ልጁ በአፍጢሙ ነው የሚደፋው። ስለዚህ ባለጠመኔዋ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትመጣና ጉድጓዷን በነጭ ክብ ታጥራታለች። ልጆቹም ክቡን እያዩ ይታጠፋሉ።

በዚያ ወቅት በመንገዳችን ጫፍ አንድ ሕንፃ እለስን ነበር። እዚያ አመሻሽ ላይ ውሃ ስለሚጠፋ ባልዲዬን ይዤ እመጣና የተረፈውን የተቦካ ሲሚንቶ ከሜዳው ጎን ባለው ቦይ ደፍቼ ባልዲዬን አጥባለሁ። ከቦዩ እስከ ጉድጓዷ አሥር እርምጃ አይሞላም።

አንድ ቀን ልጅቷ መጣች።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ? ከሚደፉት ላይ ትንሽ እዚች ጉድጓድ ውስጥ ቢያደርጉልን?»

«ለማዘጋጃ ቤት አልነገራችሁም እንዴ?»

«ሦስት ጊዜ ጻፍን። ‹ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል› ነው የሚሉን።»

«እንግዲያው የሚመለከተው ክፍል ይሥራው! እኔ ነካክቼው ነገ አንዱ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው? የመንግሥት ንብረት ነው ልጄ። ደግሞም ደክሞኛል።»

«እሱስ እውነትዎን ነው፣ ደክሞዎታል» ብላ ፈገግ አለች። ባልዲውን ከእጄ ተቀብላ አጥባ ሰጠችኝ።

ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ሆና ሰምታ ኖሮ ቤት ስገባ አፈጠጠችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምትደፋው ሲሚንቶ ትሰስታለህ?»

«አንቺ ደግሞ! የሰፈሩ ጉድጓድ ሁሉ የኔ ነው?»

«ሁሉም እንዳንተ ካለ ማን ሊደፍነው ነው?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እዚያው ቦይ ደፋሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጥሎ አባራ። ባለጠመኔዋ እናቷን ስፌት ስታግዝ አርፍዳ ነበርና ልጆቹ ቀድመዋት ገቡ። ነጩን ክብ ዝናቡ አጥቦታል፤ ጉድጓዷም ውሃ ሞልቶባት ከእርጥቡ ሲሚንቶ አትለይም። ልጅቷ እንደ ደረሰች የአንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ራስ ባዶ መሆኑን አየችና የራሷን ሄልሜት አውልቃ አጠለቀችላት። ጠመኔዋን ከኪሷ ልታወጣ ስትል ሕፃኗ አምልጣት ተዳፋቱን ተያያዘችው። ባለጠመኔዋ በጣውላዋ ተከተለቻት፤ ግርጌው ላይ ደርሳባት ወደ ጎን ገፋቻት። ሕፃኗ በቂጧ ተቀመጠች፤ ምንም አልሆነችም። የባለጠመኔዋ ጎማ ግን ጉድጓዷ ውስጥ ገባ።

እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ጭንቅላቷ ሲሚንቶውን ሲመታ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት አረፈች።

ማዘጋጃ ቤቱ ያን ጊዜ ፈጠነ። በማግሥቱ ሜዳውን በሽቦ አጠረው፤ ጉድጓዷን ግን የደፈናት የለም። ልጆቹ ጣውላቸውን ይዘው መኪና የሚከንፍበት አስፋልት ላይ ወጡ። ጎረምሶቹ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ። ባለቤቴ ቤት መዋል ጀመረች፤ እኔንም አታናግረኝም። አንድ ቀን ወደ ቦዩ ሄድኩ። በየቀኑ የደፋሁት ሲሚንቶ ደርቆ፣ ተቆልሎ ጉልበቴ ደርሷል። ያ ክምር መቶ ጉድጓድ ይደፍን ነበር።

ወር ካለፈ በኋላ የባለጠመኔዋ እናት በራችንን አንኳኳች። ከስታ ሌላ ሰው መስላለች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ አስፋልት ላይ ናቸው። ሌላ ልጅ ሳይሞት ሜዳውን ክፈቱልን ብዬ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ጉድጓዱን ደፍናችሁ ክፈቱት አሉኝ። ልጄ ጎበዝ ግንበኛ ናቸው ትልዎት ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። መደበቅ ግን አቃተኝ።

«እህቴ፣ እሷም ጠይቃኝ ነበር። እንቢ አልኳት።»

«አውቃለሁ፤ ነግራኛለች» አለች። «‹ደክሟቸው ነው እማዬ፣ ሲያርፉ ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ› ነበር ያለችኝ።»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በባልዲዬ ሲሚንቶ አቡክቼ፣ የግንበኛ ማንኪያዬን አንስቼ ተከተልኳት። ባለቤቴም እያነከሰች መጣች። ሽቦውን ገፍተን ገባን። ጉድጓዷን ጠረግኩ፣ አረጠብኩ፣ ሞላሁ፣ አለሰለስኩ። ባለቤቴ ሰዓቷን ስታይ ኖሯል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ አለች። ባልዲው ውስጥ ከግማሽ በላይ ተርፎ ነበር።

«አለቀ?» አለች እናቷ።

«አለቀ።»

መዳፍ የምታህለውን እርጥብ ሲሚንቶ ቁልቁል ስታይ ቆየች።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

በሳምንቱ ሽቦው ተነሥቶ ልጆቹ ከአስፋልቱ ወደ ሜዳው ተመለሱ። አሁን ከሥራ ስመለስ የተረፈኝን አልደፋም፤ የተሸረፈ ደረጃ፣ የተሰነጠቀ መንገድ እየፈለግኩ በሰፈሩ እዞራለሁ። ያቺን ልጅ ግን አይመልስልኝም። እናንተም በደጃችሁ እንዲህ ያለች ጉድጓድ ካለች የማን ናት ብላችሁ አትከራከሩ፣ ደብዳቤ እስኪመራም አትጠብቁ። ያያት ሰው ይድፈናት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አይቻታለሁ።