ያለ ሐዘን የረጠበው ድንጋይ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጥሬ ለማውራት ጉልበቱም የለኝም... ደክሞኛል።

ቦታው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ የራሴ ፀጉር ቤት። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ውጭ ፀሐይ ወጥቷል፣ የታክሲ ረዳቶቹ "አየር ጤና! አየር ጤና!" እያሉ ይጮሃሉ። ጨለማ የለ፣ ምን የለ።

ወዬሳ እባላለሁ። ሃያ አራት ዓመት ቆሜ ሰው ላጭቻለሁ። ወገቤ አልቋል። ዛሬ ሁሉም በቶንዶስ ነው፣ እኔ ግን የሚታጠፈውን ምላጭ አልተውኩም።

ሁለት የምላጭ መሳያ ድንጋይ አለኝ። አንዱ የየዕለቱ ነው። ሌላው ሙያውን ያስተማሩኝ የጋሽ መኳንንት ነበር። ድንጋዩ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ መሃሉ በአውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል።

ሊሞቱ ሰሞን ነው የሰጡኝ። እጄን ያዙና በሹክሹክታ...

"ይሄ የሐዘን ነው። ወንድም ሆነ ሴት፣ ሰው ሞቶበት ራሱን ሊላጭ ሲመጣ ብቻ አውጣው።"

"ሌላ ጊዜስ፣ ጋሼ?"

"ያለ ሐዘን አታርጥበው።"

"ቢረጥብስ?"

በጨርቅ ጠቅልለው መዳፌ ላይ ጫኑት።

አስራ አንድ ዓመት ቃላቸውን ጠበቅሁ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ፋሲካ ታማ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ተኛች። ኩላሊቷን ነው። ሌሊት እሷ አጠገብ ወንበር ላይ አድራለሁ፣ ጠዋት እዚህ እቆማለሁ። ፋሲካን ካጣሁ ማን አለኝ? ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ደንበኛ ጠፋ። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ሐሳብ ሊገድለኝ ነው። የጋሽ መኳንንትን ድንጋይ አወጣሁት። ጠማማ ነገር አልወድም፣ ጥፋቴም ይሄው ነው። ጎድጓዳ ድንጋይ ምላጭ ያበላሻል።

ፊቱን በእርሳስ አሰመርኩት። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ፈተግሁት። መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጠፋ። አድርቄ በጨርቅ ጠቀለልኩትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ያለ ሐዘን ውሃ እንዳስነካሁት ትዝ ያለኝ ማታ ወደ ክሊኒክ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ወይ እኔ! ምነው እጄን በሰበረው...

በማግስቱ ስከፍት ጨርቁ ርሷል። ድንጋዩ ላይ ግራጫ ጭቃ አለ፣ ምላጭ ሲሳልበት የሚወጣው ዓይነት።

ማን ሳለበት? ቁልፉ እኔ ኪስ ነው ያደረው።

ጭቃውን ጠረግሁት። መሃሉ እንደገና ጎድጉዷል...

አውራ ጣቴን ከተትኩበት። የጋሽ መኳንንት ጣት ወፍራም ነበር፣ ድሮ ጣቴ ይዋልልበት ነበር። አሁን ልክክ አለ።

ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አሰጣሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልደረቀም።

በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ከክሊኒክ መጥቼ ሱቁን ከፈትኩ። እንቅልፍ አዞረኝና ወንበሩ ላይ አረፍ አልኩ። ዓይኔን የከደንኩት ለአፍታ ነው።

ስልክ ቀሰቀሰኝ። ነርሷ ናት።

"ጋሽ ወዬሳ፣ ቶሎ ይምጡ።"

ተዘጋ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ወለሉ ላይ ፀጉር ወድቋል፣ ሽበት የበዛበት። ማታ ጠርጌ አልነበር የወጣሁት? መስታወቱን ቀና ብዬ አላየሁም። ሮጥኩ።

ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝ። ጉልበቴን ነካ አደረጉና...

"ያጽናህ ልጄ።"

ምን ማለታቸው ነው?

ደሜ የሚባለው የክሊኒኩ ዘበኛ ሁሌ ይቀልድብኛል። ያን ቀን ከመቀመጫው ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ።

"እግዜር ያጽናዎት ጋሼ።"

አለቀ፣ ፋሲካዬ ሞታለች አልኩ። ግድግዳ ይዤ ነው የገባሁት።

ፋሲካ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሾርባ ትጠጣለች።

"ዛሬ ትወጣለች፣ ዕቃዋን እንዲወስዱ ነው የደወልኩት" አለች ነርሷ።

ተመስገን! ልቤ ቦታው ሲመለስ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ፋሲካ ግን አልሳቀችም። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

"ወዬሳ..."

"ወዬ?"

"ማን ሞቶብህ ነው?"

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። አንድ ፀጉር የለም። ልሙጥ... ቀዝቃዛ... እርጥብ። ጣቶቼን ሳያቸው ግራጫ ጭቃ ይዘዋል።

ይሄ ከሆነ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። ፋሲካ ቤት ናት፣ ትበላለች፣ ትስቅብኛለች። የኔ ፀጉር ግን እስካሁን አልበቀለም። መሮጥም መጠየቅም ሰልችቶኛል፣ ጠዋት ጠዋት መጥቼ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ በቃ።

ዛሬም ከፈትኩት። ድንጋዩ እርጥብ ነው።

ከኔ ጎድጓዳ አጠገብ ሌላ መጎድጎድ ጀምሯል። ጣቴን ሞከርኩ፣ አይገባም። ጠባብ ነው...

የሴት አውራ ጣት ልክ... የፋሲካ።