የፉካኡራን ባቡር ማን አስነሳው?

ጋሽ ማንደፍሮ ሞተው ሲገኙ ባቡራቸው ገና አልቆመም ነበር። እሳቸው ዞልደር ወደሚሉት የጣሪያ ሥር ክፍል ከሚያወጣው ደረጃ ግርጌ፣ ከማሞቂያው ጎን፣ አንገታቸው ተቆልምሞ ተጋድመዋል፤ ላይ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሁለት ፉርጎ ያላት፣ ክንድ የማታክል የጃፓን ባቡር ምንም እንዳልሰማች ትዞራለች።

የተጠራችው መርማሪ የትነበርሽ ትባላለች። ስሟ ራሱ የተጠርጣሪ ጥያቄ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። አፍንጫዋ ደግሞ ለብቻው ደመወዝ ይገባው ነበር፤ ዴን ሃግ ቆማ ሮተርዳም ያረረ ወጥ ይሸታታል የሚሉ አሉ። ያን እሑድ ግን አፍንጫዋን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ብትከተው በወደደች። በዴን ሃግ ባሕር ዳር፣ ስኬቨኒንገን ያለችው ጠባብ ቤት ከወደቡ የገባ የዓሣ ሽታ፣ የረጠበ ምንጣፍና የእግር ሽታ አንድ ላይ ተቦክተው ያደሩባት ትመስላለች።

ኩሽና ስትገባ የባሰውን አየች። ቀድማ ያረፈችው የሟች ሚስት ወንድም፣ እዚያው ቤት የሚኖረው ፈቃደ፣ ከተሸፈነው ሬሳ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ማክሬል የሚሉትን ጭስ የጠጣ ዓሣ በጣቱ እየቦጨቀ ይበላል። ስቡ እስከ ክርኑ ወርዷል።

«እግዜር ያጥናዎት» አለችው።

«ያጥናን» አለና አውራ ጣቱን ላሰ። «ከቅዳሴ መምጣቴ ነው። ባዶ ሆድ ለቅሶ አይችልም።»

የትነበርሽ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች።

ስለ ባቡሩ የማያውቅ ሐበሻ ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም አልነበረም። ጋሽ ማንደፍሮ በሰሜን ጃፓን ባሕሩን ታክኮ የሚሄደውን የጎኖ መስመር ከነጣቢያዎቹ በእንጨትና በካርቶን አሳንሰው ሠርተውታል። በጉብዝናዬ ፉካኡራ ላይ የጣቢያ ሹም ነበርኩ ይላሉ። እዚያ ሞገዱ በመስኮት ገብቶ ወንበር ይዞ ይቀመጥና፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ትኬቱን መልሶ ይወርዳል። በረዶው ሲበዛ ደግሞ ባቡሩ ስለሚያስነጥስ ተሳፋሪው ሁሉ ይማርህ ይለዋል። እውነቱን ለሚሻ፣ ሰውዬው ከጀርመን ወዲያ ረግጠው አያውቁም።

ሐኪሙ ኮሌታቸው ተቀዶ አየ፤ ወደቁ ሳይሆን ተገፉ አለ። መቼ ለሚለው ግን ማሞቂያው አጠገብ ስለተኙ እርግጠኛ ሰዓት ልሰጥ አልችልም ብሎ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ ዮሃና ላይ የወደቀው።

ዮሃና ከሮተርዳም እየመጣች የአዛውንቱን እብጠት ያለበት እግር በፋሻ የምታስር የቤት ለቤት ተንከባካቢ ናት። ጠዋት በራሷ ቁልፍ ገብታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች። ፖሊስ ከጠራች በኋላ የባቡሩ ድምፅ ሊያሳብዳት ሲል ወደ ላይ ወጥታ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ፈቃደ ይህን ይዞ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ባቡሩ ይሄድ ከነበረ ሰውዬው በሕይወት ነበሩ፤ እሱ ያን ጊዜ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ ዲያቆኑም አይቶታል፤ ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ከግንቡ ወዲያ ጎረቤት የሆነችው ሆላንዳዊትም ባቡሩን ሳይነጋ ጀምሮ፣ ዮሃና ገብታ እስኪቆም ድረስ እንደሰማችው መሰከረች።

የዮሃና አለቃ ወዲያው ደውላለች። ነገሩ እስኪጣራ ሥራ የለም፤ ክስ ከመጣ ደግሞ ቬኦጌ የሚሉት የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ ይሰረዛል። ያ ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ አገር የሽማግሌ እግር ቀርቶ የሽማግሌ ውሻ አያስጠብቁትም።

«ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው» አለች ዮሃና፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። «እህቴ፣ ካሰሩኝ ማን ከትምህርት ቤት ያወጣቸዋል?»

የትነበርሽ ቃል አልሰጠቻትም። ባቡሩ ሲነዳ ጋሽ ማንደፍሮ ምን ያደርጉ እንደነበር ብቻ ጠየቀቻት።

ዮሃና እንባዋን ጠርጋ ነገረቻት። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ፣ በድሮው የጃፓን ሥርዓት ሁለት ባቡር እንዳይጋጭ ነጂው የናስ ቀለበት ከጣቢያው ሹም ሳይቀበል አይንቀሳቀስም። ጋሽ ማንደፍሮ ሹሙም ነጂውም ራሳቸው ነበሩ። ቀለበቱን ፉካኡራ ጣቢያ ሥር ካለችው ቀይ ሣጥን በቁልፍ ያወጣሉ፤ እሷ በሁለት እጅ ታቀብላቸዋለች፤ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በጣታቸው ወደ ምልክቱ እየጠቆሙ የጣቢያውን ስም ይጮኻሉ። እግራቸውን የሚሰጧት ከዚያ በኋላ ነው።

የትነበርሽ ሬሳውን ገለጥ አድርጋ አየች። ቁልፏ በአንገታቸው ማተብ ላይ ታስራለች። ትከሻቸው ባዶ ነው።

ኢንዲሸ ቡርት ከሚባለው የአምስተርዳም ሰፈር፣ የሟች ወዳጅና የባቡር ባልንጀራ ግርማ እያለከለከ ደረሰ። ለሬሳው ደረቱን ደቅቶ አልቅሶ ዞልደሩን ልሰናበት ብሎ ወጣ። ሲወርድ የካፖርቱ ኪስ አብጧል። የትነበርሽ እጇን ዘረጋች። ግርማ ላብ ላብ እያለው ቶዶሮኪን፣ ከባሕሩ ጫፍ የምትቀመጠውን የእንጨት ጎጆ ጣቢያ፣ አውጥቶ ሰጣት።

«ለመታሰቢያ ነው» አለ።

«ሬሳው ሳይወጣ ጣቢያ ነቅለው ኪስዎ ይከታሉ?»

«እሳቸው ቢሆኑ ከእኔ ሬሳ መስመሩን በሙሉ ነበር የሚነቅሉት» አለ ግርማ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፤ በባሕሩ ቀለም ተጣልተው አንድ ክረምት ሙሉ አልተነጋገሩም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ግርማ ቀለበቱን ሳይዝ ባቡሩን ቢያስነሳ ጋሽ ማንደፍሮ በከዘራ ከቤት አባረውታል። ቅዳሜ ማምሻውን ግን ከአምስተርዳም በስልክ ሲያወሩ በሰላም ተለያይተዋል።

የትነበርሽ ወደ ዞልደሩ ወጣች። ክፍሉ በሳንቃ ለሁለት ተከፍሏል፦ በዚህ በኩል ጃፓን፣ በዚያ በኩል የፈቃደ አልጋ። የመንጃው ጠረጴዛ አጠገብ ተንበርክካ፣ ሳትነካው፣ ባቡሩን የሚያስነሳውን ማዞሪያ አሸተተችው። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ስብ ተለድፎበት ያብረቀርቃል፤ በጎኑ የጥፍር ያህል የማክሬል ቆዳ ተለጥፏል።

ከቶዶሮኪ ቀጥሎ ከዋናው ዙር የተገነጠለ ሐዲድ ወደ ሳንቃው ያመራና ሥሩ ይቋረጣል። እዚያ አዲስ የተቦረቦረ ዋሻ አለ፤ ውስጡ አንድ ነገር ተጠቅጥቋል። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው። የወንድ ካልሲ ነው፤ ደርቆ እንደ ቋንጣ የሚሰበር፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ። በዋሻው ብታይ ከወዲያ የፈቃደ ትራስ ይታያል፤ ከትራሱ በላይም ግድግዳውን ይዞ በእርሳስ የተሰመረ መንገድ አለ።

ግርማን ጠርታ ጠየቀችው።

«እሱማ ማስፋፊያው ነው» አለ ግርማ። «ከቶዶሮኪ እስከ ካዋቤ ያለው ሐዲድ በፈቃደ ክፍል ነበር የሚያልፈው። ለፋሲካ ልቀቅ ተብሏል። ምስኪን፣ የልማት ተነሺ ነው።»

ያኔ ሁሉንም ዞልደር ሰበሰበቻቸው። ጣሪያው ዝቅ ስላለ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ቆሙ። ፈቃደ አሁንም ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል።

«አቶ ፈቃደ፣ ወደዚህ ክፍል ገብተው ያውቃሉ?»

«የእብድ መጫወቻ ክፍል ምን ልሠራ? እግሬም ረግጦት አያውቅ።»

«ጥሩ። ጎረቤቷ ሳይነጋ ባቡሩን ሰምታለች። የጋሽ ማንደፍሮን ጩኸት ግን አልሰማችም፤ ዛሬስ ገላገሉኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ያለ ድምፅ ባቡር የሚነዱ ሰው አልነበሩም።»

«ጉሮሯቸውን አሟቸው ይሆናላ።»

የትነበርሽ ጓንት በለበሰ እጇ ከማተቡ የወሰደችውን ቁልፍ አውጥታ ቀይዋን ሣጥን ከፈተች። የናሱ ቀለበት ውስጧ ተኝቷል።

«ጉሮሮ ቢያም ትከሻ አያምም። ቀለበቱ ከሣጥኑ ካልወጣ ዛሬ ጠዋት ባቡሩን ያስነሱት እሳቸው አይደሉም። ባቡሩ ሳይነጋ ከተነሳ ደግሞ ሳይነጋ ሞተዋል ማለት ነው። ዮሃና ያን ጊዜ ሮተርዳም ልጆቿን ታለብሳለች።»

ዮሃና ሳንቃውን ተደገፈች።

«ታዲያ ግርማስ?» አለ ፈቃደ።

«ግርማ ቀለበቱ ምን እንደሆነ በከዘራ የተማረ ነው። እሱ ቢሆን ሬሳው ትከሻ ላይ ሳያንጠለጥልላቸው አይሄድም። ዮሃናም እንደዚያው፤ በየቀኑ በሁለት እጇ ታቀብላቸዋለች። ቀለበቱን የማያውቅ ሰው ማነው? ይህን ባቡር በሳንቃ ወዲያ ሆኖ በጆሮው ብቻ የሚያውቅ። መንኮራኩሩ ይሰማል፣ ጩኸቱ ይሰማል፤ ቀለበት ግን ድምፅ የለውም።»

ፈቃደ የክብሪቱን እንጨት ከአፉ አወጣ።

«እግርዎ ካልረገጠው ክፍል ማዞሪያው ላይ የማክሬል ቆዳ ተለጥፏል። ዮሃና ገመድ ነቀለች እንጂ ማዞሪያ አልነካችም። ቅዳሴ የሚሄድ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው የሚወጣው፤ እርስዎ ግን ሽማግሌውን ገፍትረው፣ ምን ላድርግ እያሉ ከሬሳው አጠገብ ዓሣ በልተው፣ በዚያው እጅዎ ባቡር አስነስተው፣ ከዚያ ነጠላ ለብሰው ሄዱ። ብዙ ገዳይ አይቻለሁ። እጁን ሳይታጠብ ባቡር ያስነሳ ግን አላየሁም።»

 ግርማ እንኳ ከንፈሩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ተኝቼ» አለ ፈቃደ በመጨረሻ፣ «ተኝቼ ፊቴ ላይ ሜትር ዘረጉ። ዓይኔን ስገልጥ በአፍንጫዬ ላይ ጣቢያ ሊተክሉ ይለካሉ። በእህቴ ቤት። ኮሌታቸውን ይዤ ወደ ደረጃው ገፋኋቸው እንጂ እንዲሞቱ አላልኩም።»

ሁለት ፖሊሶች ካቴናውን ሲያስገቡለት እጁ ከስቡ የተነሳ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። ዮሃና አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ዮሃናዬ፣ በእመቤታችን፣ እኔ አንቺን አስቤ አልነበረም።»

እስከዛሬ እርስዎ እያለች ሻይ ታቀርብለት ነበር።

«አላሰብከኝም» አለችው። «ባቡሩን ስታስነሳ በሩን በቁልፍ ከፍታ የምትገባ ሰው እንዳለች ታውቅ ነበር። ሰው ናት አላልክም።»

ወሰዱት። የትነበርሽ መስኮቱን በሰፊው ከፍታ የባሕሩን ነፋስ እስክትጠግብ ሳበች፤ ከዚያ ለዮሃና አለቃ ራሷ ደውላ፣ ሠራተኛዋ ንጹሕ መሆኗን በደረቅ ሆላንድኛ አስረዳች። ዮሃና መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ደጋግማ አሸች። ስትወጣ ካፖርቷን ለብሳለች፤ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ እግራቸው ያልታሰረ ሌላ አሮጊት ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቋታል።