ከመለኪያው ሥር ያለው ሞራ

የደሴቲቱ አንጋፋ መርከብ መሪ ራይስ ወናስ ሞተው የተገኙት ዓርብ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ባሕሩ ጎድሎ ከጉልበት በማያልፍበት ሰዓት፣ በኽሚስ የዓሣ ወጥመድ ውስጥ ነው። ኽሚስ ከአባቱ በወረሰው የባሕር ቁራሽ ላይ በተምር ዝንጣፊ ያጠረው ይህ ወጥመድ፣ ዓሣውን በሁለት ረጃጅም ክንፎቹ እየመራ ወደ መጨረሻዋ ጠባብ ክፍል ያስገባል። ሽማግሌው በዚያች ክፍል ውስጥ በፊታቸው ተደፍተው፣ የቡሽ ቀበቷቸውን እንደታጠቁ፣ ዓሦች በዙሪያቸው እየተርመሰመሱ ይንሳፈፉ ነበር። ኽሚስ ዘንቢሉን ጥሎ አዘላቸውና እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ በእግሩ ተሸክሟቸው ወጣ። ዓሦቹን ያን ቀንም በማግስቱም አላወጣቸውም።

የቀርቀና ደሴት መርከብ ካጣች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። አሮጌዋ መርከብ በመጋቢት ወር፣ ማዕበል በበረታበት ቀን፣ የመኪና መወጣጫ ብረቷ ተገንጥሎ ባሕር ገባ፤ ሆዷም ተሰንጥቆ እየተጎተተች ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ስፋክስ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የቀርቀና ሰው በሽተኛውንም ሙሽራውንም በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ያሻግር ጀመር። በሚያዝያ የጂላኒ አንድያ ልጅ ሰልማ ምጥ ይዟት በጀልባ ስትሻገር፣ ከሁለቱ ዳርቻዎች እኩሌታ ላይ ከነጽንሷ ሞተች። ሕዝቡ ምትክ መርከብ ፍለጋ የተነሣው ከዚያ ቀብር መልስ ነው። ብዙ ወደብ ተጠይቆ በመጨረሻ ከግሪኮች ዘንድ አንዲት ነጭ መርከብ ተገኘች። ሻጮቹ የሚጠብቁት እስከ ረቡዕ ብቻ ነበር፤ ካለፈ ለሌላ ፈላጊ ይሰጧታል፣ የብርዱና የማዕበሉ ወራትም ደርሰዋል።

የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። የመርከቧ ሆድ መሬት ሳይነካ መግባትና መቆም እንደሚችል ፈቃድ ያለው መርከብ መሪ መመስከር ነበረበት። በደሴቲቱ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ራይስ ወናስና በእሳቸው እጅ ያደገው ጂላኒ። በአገሩ ልማድ ደግሞ ታላቁ በሕይወት ሳለ ታናሹ አይፈርምም።

መርማሪ ዙህራ ቅዳሜ ጠዋት ከስፋክስ በጀልባ መጣች። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ዝምታ የማያስጨንቃት ሴት ናት። ማዕበሉ ፊቷን አመድ አስመስሎት ነበርና ሴቶች ሎሚ ሰጧት፤ እየመጠጠች ወደ አስከሬኑ ሄደች። የክሊኒኩ ሐኪም ማጅራታቸው ላይ የድንጋይ ምት እንዳለ፣ የገደላቸው ግን ሳንባቸው ውስጥ የገባው ውሃ መሆኑን ነገራት። ከዚያ የሟቹን ጀልባ አሳዩኝ አለች። ጀልባዋ ከወጥመዱ ክንፍ ተደግፋ የተገኘች ናት። ሁለቱ መቅዘፊያዎች በገመድ እንደተጠፈሩ ነበሩ። ከወለሉ ላይ የጥልቀት መለኪያው፣ ያ በረጅም ገመድ የታሰረው የእርሳስ ብረት፣ ጋደም ብሏል።

ስለ መለኪያው ያስረዳት ኽሚስ ነው።

«ከታቹ ጎድጓዳ ነው፤ ሞራ ይሞላበታል። ወርዶ መሬት ሲነካ የነካው ነገር ይጣበቅበታል። ራይስ ጥልቀቱን ብቻ አልነበረም የሚያነቡት፤ መሬቱንም ነው።»

«የአንተ ወጥመድ ያለበት መሬት ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ አሸዋና የባሕር ሣር። ሌላ የለውም።»

ዙህራ መለኪያውን ገልብጣ አየች። ሞራው ላይ የተጣበቀው ጥቁር ጭቃ ነበር፤ በጭቃው ውስጥም ቀይ ቀለም ያለበት የዝገት ቅርፊት። በሻሿ ጠቀለለችው።

«ራይስን ዝተህባቸዋል ይባላል» አለችው።

«ዝቻለሁ፤ ሐሙስ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ለመርከቧ መንገድ ብለው ወጥመዴን ሊያስነሱ ከመጡ እዚያው እቀብርዎታለሁ ብያለሁ። እና ገድዬ በገዛ ወጥመዴ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ? ቂል መሆኔን አልክድም እመቤት ዙህራ፤ እዚህ ድረስ ግን አይደለሁም።»

«የወጥመድህ አፍ ወዴት ነው?»

«ወደ የብስ ነዋ። ዓሣው በሙላት ወደ ዳር ይመጣል፣ ውሃው ሲጎድል ሲመለስ ነው የምንይዘው። እናንተ ከተሜዎች ዓሣ የምታውቁት ሳህን ላይ ነው።»

ዙህራ ፈገግ አለች። ዓርብ ውሃው ከሙላት ወደ ጉድለት የዞረው በጁምዓ ሰላት ሰዓት እንደሆነ፣ ኽሚስም ያን ሰዓት መስጊድ ውስጥ ከመጀመሪያው ረድፍ እንደነበረ ከብዙ ሰው አረጋገጠች።

ከዚያ ወደ ነርሷ ወደ ማብሩካ ሄደች። ማብሩካ ሐሙስ ማታ በመርከብ መጠበቂያው አዳራሽ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻት። ራይስ ወናስ የባሕሩ መተላለፊያ በቂ መሆኑን ለሕዝቡ አስታውቀው ነበር፤ ሰው አልሐምዱሊላህ ሳይል ግን አንድ የቀረኝ ቦታ አለ፣ እሱን ሳላይ አልፈርምም አሉ። የትኛው እንደሆነ አልተናገሩም። ኽሚስ ወጥመዱ ያለበት መስሎት ዛተ፤ እሷም ሌላ እናት ስትሞት ነው የሚፈርሙት ብላ ጮኸችባቸው። ዓርብ በሰላት ሰዓት በመረብ መንጠቆ የተቀደደ እጅ ስትሰፋ ነበር፤ ባለ እጁም ይህንኑ መሰከረ።

«ከሰልማ ጋር በጀልባው የነበርሽው አንቺ ነሽ?» ስትል ዙህራ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ። እጄን ይዛ ‹ስንት ቀረን?› ትለኝ ነበር። ትንሽ ነው እላታለሁ። ሦስት ጊዜ ዋሸኋት።»

ጂላኒን ያገኘችው ቀብሩ ባለቀ በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት ነው። በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ሻይ አቀረበላት፤ ስኳሩን ራሱ አማሰለላት። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ከቀብሩ መልስ በቀጥታ ወደ ወደቡ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የምስክር ወረቀቱን ለመፈረም ጠይቆ ነበር። ዙህራ ቀድማ ወረቀቱን ይዛው ስለነበር ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ዓርብ በሰላት ሰዓት የት ነበሩ ሲ ጂላኒ?» አለችው፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

«ቤቴ። ልጄ ከሞተች ወዲህ መስጊድ ደጃፍ ስደርስ እግሬ ይከብደኛል።»

«ራይስ ፊርማውን ያዘገዩት ለምን ይመስልዎታል?»

«ሙት አይወቀስም እንጂ ግትር ነበሩ። በአንድ ስንዝር ምክንያት አንድ ደሴት ሙሉ ሰው ይታገታል? ሙላት እየጠበቁ ማስገባት ይቻላል።»

«በአንድ ስንዝር?»

«እንዲያው ለማለት ያህል ነው» አለና ወደ መረቡ አቀረቀረ።

ዙህራ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች።

የሟቹ ሚስት ሐቢባ የባሏን የመለኪያ ደብተር አውጥታ ሰጠቻት። ዓርብ ዕለት ሰላታቸውን ቤት ሰግደው መውጣታቸውን ነገረቻት፤ ከሙላቱ በኋላ ውሃው ለአፍታ ቀጥ ሲል ገመዱ ሳይንጋደድ ስለሚወርድ ያቺን ሰዓት ይፈልጓት ነበር። ደብተሩ በመተላለፊያው ልኬቶች የተሞላ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን «መቆሚያው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሰፍሯል፤ ቁጥር አልተጻፈበትም።

በዚያው ቀን ባሕሩ ሲጎድል ዙህራ ኽሚስን ይዛ መርከቦች ወደሚቆሙበት የወደቡ ግንብ ወረደች። አዲስ ሞራ አስሞልታ መለኪያውን ከዳር እስከ ዳር አስጣለች። ከዚያም ኽሚስን አንድ ነገር ለመነችው፤ እሱም ልብሱን አውልቆ በኅዳር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠለቀ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ማብሩካን፣ ኽሚስን፣ ጂላኒንና ሐቢባን በመጠበቂያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። የአሮጌዋ መርከብ የመነሻ ሰዓቶች አሁንም ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሁሉም በተሳፋሪዎች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ቆመች።

«ራይስ ወናስ ወደ ባሕሩ አልቀዘፉም» ብላ ጀመረች። «መቅዘፊያዎቹ እንደተጠፈሩ ናቸው። ጀልባዋ ከታሰረችበት ተፈትታ ነው የሄደችው። ራሳቸውም ወጥመዱ አጠገብ አልወደቁም፤ የወጥመዱ አፍ ወደ የብስ ስለሆነ የሚገባው ከዳር በጉድለት የተወሰደ ነገር ነው። ቡሹ አንሳፈፋቸው፣ ውሃው ወሰዳቸው፣ አጥሩ መራቸው። እዚያ ያስገባቸው ሰው የለም።»

ኽሚስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ከየት ተወሰዱ? ይህን የነገረኝ ሞራው ነው። ጥቁር ጭቃ ያለው ከዚህ ግንብ ሥር ብቻ ነው። ደብተሩም ‹መቆሚያው› ይላል። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የለኩት እዚህ ነው፤ ማጅራታቸውን የመታቸውም የግንቡ ደረጃ ነው። ሰው ሁሉ መስጊድ ነበር፤ ማብሩካ ክሊኒክ ነበረች። ትናንት እኔ ራሴ ቦታውን አስለካሁ። ከአንድ ቦታ በቀር ሁሉም ይበቃል። በዚያ ቦታ ላይ ግን ይጎድላል።»

«ስንት ነው የሚጎድለው?» አለች ማብሩካ።

«አንድ ስንዝር።»



«ይህን ልክ ደብተሩ አያውቀውም። ኽሚስ ስለ ወጥመዱ አወራኝ፤ ማብሩካም የቱ ቦታ እንደሆነ አታውቅም። አንድ ስንዝር ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ራይስ ያን ልክ ሲጠሩ ከአጠገባቸው ያልነበረ ሊያውቀው አይችልም። እኚሁ ሰው የቀብሩ አፈር ሳይደርቅ ወረቀቱን ጠየቁ፤ ታላቁ ከሞቱ መፈረም የሚችሉት እሳቸው ናቸውና። ሲ ጂላኒ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ ይንገሩን።»

ጂላኒ አልካደም። ቀና ሳይል እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ ተናገረ።

«ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ እሳቸው ጀልባዋ ላይ። ‹አንድ ስንዝር ጎድሏል፤ አታልፍም› አሉ። በሙላት እናስገባታለን አልኳቸው። ‹በሽተኛ ሙላት አይጠብቅም፤ አንድ ቀን አንዱ ካፒቴን አዝኖ በጉድለት ይገባና ሁሉንም ያሰጥማል› አሉኝ። ከዚያ መለኪያውን ወደ ላይ ሳቡ። ‹ቆይ፣ ጂላኒ› አሉኝ። ስምንት ወር ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልቆይ? ደረታቸውን ገፋሁ።»

«ወደቁ?»

«ማጅራታቸው ደረጃውን መታው፣ ውሃ ውስጥ ገቡ። ቀበቷቸውን ያዝኩ። ይዤአቸው ነበር፤ ላወጣቸው እችል ነበር። እኔ እፈርማለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እጄን ፈታሁት። ከዚያ ጀልባዋንም ፈታሁ።»

ሐቢባ ነጠላ ልብሷን ወደ ፊቷ ሳበች። ዙህራ ከሻሿ ውስጥ መለኪያውን አወጣች።

«ይህ እዚያው ጀልባ ውስጥ ነበር። አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ገልብጠውታል?»

ጂላኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። አርባ ዓመት ሙሉ መለኪያ ከውሃ በወጣ ቁጥር ገልብጦ ያየ ሰው ነው።

«አልገለበጥኩትም» አለ።

ዙህራ ገልብጣ ወደ ፊቱ አቀረበችለት። ቀዩን ቀለም ማብሩካም፣ ሐቢባም አወቁት፤ የአሮጌዋ መርከብ ቀለም ነበር። ኽሚስ ነው የጨረሰው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያፍር ሰው።

«የመወጣጫው ብረት ነው፣ ሲ ጂላኒ። መሃል ባሕር ወደቀ ስንል እዚሁ ከግንቡ ሥር ኖሯል። በእጄ ዳስሼዋለሁ። አራት ጀልባ ካለ በግማሽ ቀን ይነሣል።»

«‹ቆይ› ያሉዎት ይህን ሊያሳዩዎት ነው» አለች ዙህራ። «ከሥር ያለው አለት አለመሆኑን ሞራው ላይ አይተው ነበር። ብረቱ ይነሣል፣ እፈርማለሁ ሊሉ ነበር።»

 የጂላኒ አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ፊቱም በዚያች ቅጽበት ከሟቹ ፊት ይልቅ አረጀ።

ማክሰኞ ኽሚስና ጓደኞቹ ብረቱን በሙላት አንሥተው ወደ ዳር ጎተቱት። ፊርማው ግን አሁንም አልነበረም። ዙህራ ወደ ስፋክስ ስልክ ደውላ ዳኛው እስኪወስን ድረስ የጂላኒ ፈቃድ እንደጸና አረጋገጠች፤ ነገር ግን ለክቶ እንዲፈርም እኔ አላዝም፣ ሐቢባ ትወስን አለች። ሐቢባ ከቤቷ ወጣች፣ ማንንም ሳታይ እስከ ግንቡ ሄደች፣ ይለካ አለች።

በጉድለት ሰዓት ጂላኒ በወታደር ታጅቦ ወደ ደረጃው ወረደ። መለኪያውን ሰባት ቦታ ጣለ፤ ሰባቱንም ጊዜ ገለበጠ። ሁለት ስንዝር ይተርፋል አለ። ወረቀቱ ሲሰጠው ብዕሩን ይዞ ዘገየ።

«የራይስን ስም ከላይ ልጻፈው» አለ። «ሥራው የእሳቸው ነው።»

«አትጻፈው» አለች ሐቢባ። «የባሌን ስም ከስምህ አጠገብ አታሳድረው። ብቻህን ፈርም። የሚሻገረውን ሰው ሁሉ ብቻህን ተሸከመው።»

ጂላኒ ብቻውን ፈረመ። ከዚያ እጆቹን ለወታደሩ ሰጠ፤ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባም ወደ ስፋክስ ወሰዱት።

ነጯ መርከብ በሳምንቱ ሐሙስ ገባች። ሕዝቡ ግንቡን ሞልቶ ቆሞ ነበር፤ እልል ያለ ግን የለም። ማብሩካ የመጀመሪያዋን በሽተኛ፣ ወሯ የገባ ሴት፣ በአልጋ አስይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ሐቢባ በቤቷ አጥር ግቢ የሟች ባሏን ልብስ ታጥብ ነበር። የመርከቧ ጥሩምባ ሲነፋ እጆቿ ውሃው ውስጥ እንዳሉ ቆሙ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ሸሚዙን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።