የእኩያው ልጅ

በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፣ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ታንዛንያ ከኬንያ የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች፤ በድንበሩ ከተማ በናማንጋም፣ ማለዳ ሰውና ከብት ያለ ጠያቂ ሲመላለስበት በነበረው መንገድ ላይ፣ ቀትር ሲሆን ገመድ ተወጠረ።

ናሲዬኩ የተባለች የማሳይ ወይዘሮ በኬንያ በኩል ቀረች፤ ለታመመች እናቷ ወተት አድርሳ ወዲያው ልትመለስ፣ የሚጠባ ልጇን ታንዛንያ ቤቷ ለጣውንቷ ትታ ነበር የመጣችው። አሁን ገመዱን ይዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን አርሶታል።

የታንዛንያ ኬላ ጠባቂ አሥር አለቃ ኦሌ ሞሶይም ማሳይ ነው፤ ያውም ከአባቷ ጋር በአንድ ወቅት የተገረዘ እኩያ። በወጋቸው የእኩያ ልጅ የራስ ልጅ ናት፤ አጎንብሳ ስትቀርብም አባት እጁን ራሷ ላይ ሳይጭን አያልፋትም። ናሲዬኩ ቀርባ አጎነበሰች። እሱ ግን ጠመንጃውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሩቅ ሩቁን ያይ ጀመር፤ ከነካት እንደ ልጁ ተቀበላት ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሊከለክላት እንደማይችል ያውቃልና።

«አባቴ፣ እጅዎ ሥራ በዝቶበታል?» አለች እንዳጎነበሰች።

«ሂጂ ወደ እናትሽ! ትእዛዝ ነው።»

«ሳይነኩኝ ቀና አልልም፤ እዚሁ አረጃለሁ።»

ከማዶ የቆሙ ሴቶች ሳቁ። አንዷ፣ «ኧረ አሥር አለቃ፣ መንግሥት እጅም ይቀማል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ኦሌ ሞሶይ ተቁነጠነጠ፤ ጠመንጃውን ወደ ግራ አዛወረ፤ መልሶ ወደ ቀኝ። ጡረታ ሊወጣ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ። ከልብሷ ወተት ጠብ ሲል ባየ ጊዜ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ እጁን ጫነባት።

«ልጅሽ ደህና ነው?» አለ፣ ወጉ እንደሚያዘው።

«ርቦታል፣ አባቴ።»

ገመዱን ከፍ አደረገው፤ ሾልካ ሮጠች።

አዛዡ መቶ አለቃ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ «ማንን ነው ያሳለፍከው?» ሲል አምባረቀ።

«ልጄን ነው፣ ጌታዬ።»

«ኬንያ ልጅ አለህ እንዴ? ስንት ልጅ ነው ያለህ?»

«እኩዮቼ የወለዱት ሁሉ የኔ ነው፤ እኛ ልጅ አንቆጥርም።»

በዚያው ቀን ማዕረጉ ከእጅጌው ላይ ተቀደደ፤ ጡረታውም ቀረ።

ድንበሩ ከስድስት ዓመት በላይ እንደተዘጋ ቆየ፤ ናሲዬኩም እናቷን ዳግመኛ አላየችም፤ መሞቷን የሰማችው ከከብት ነጂዎች አፍ ነው። የታሪክ ጸሐፍት ድንበሩ ስለምን እንደተዘጋ፣ መሪዎቹም ምን እንደተባባሉ አንድ ሳያስቀሩ ጽፈዋል። ኦሌ ሞሶይን ግን ማንም አልጻፈውም፤ እሱም ቢሆን፣ እርጅና ተጫጭኖት ሳለ ስለዚያ ቀን የጠየቀውን ሁሉ፣ «ልጄን ወደ ቤቷ ላክኋት፤ ይህም ወሬ ሆኖ!» እያለ ይቆጣ ነበር።