በአንድ ላፕቶፕ ላይ አራት ጠባቂ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የማታውቁት ሰው መንገድ ላይ አግኝቷችሁ «ዘበኛ ነኝ» ስላለ ብቻ የቤታችሁን ቁልፍ ትሰጡታላችሁ? አትሰጡትም። ሚጢ ግን ሰጠች። ለአንድ አይደለም፣ ለአራት!

ሚጢ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ትምህርት ጨርሳ ገና ሥራ አልያዘችም፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጥዳ ትውላለች። ላፕቶፑ የእሷና የታላቅ እህቷ ነው። ታላቅየዋ የደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ነርስ ለመሆን አራት ዓመት ሙሉ አመልክታ አልተሳካላትም ነበር፤ በአምስተኛው፣ ዘንድሮ፣ ተቀበሏት። ደስታዋን አትጠይቁኝ! አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ትምህርት ቤቱ በኢሜይል የላከላትን ሊንክ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ተጭና «እመጣለሁ» ማለት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ላፕቶፑን ከፈተች።

«ሚጢ፣ ኢሜይሌ ታግዷል ይላል እኮ።»

«ፓስወርዱን ተሳስተሽ ነው፣ እታለም። እግርሽ ፔዳል ለመደ እንጂ ጣትሽ ኪቦርድ መች ለመደ!»

ሚጢ ራሷ ሞከረች። ደግማ ሞከረች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ትናንት ከዚህ አድራሻ ለሦስት መቶ ሰዎች የማጭበርበሪያ መልእክት ስለተላከ ተዘግቷል። አቤቱታዎን በሦስት ቀን ውስጥ እናያለን» ይላል። ሦስት ቀን! ሰዓቱ ደግሞ ስምንት ተኩል።

ትምህርት ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ ደወሉ። ጸሐፊዋ «በተመዘገበው ኢሜይል ካልሆነ አንቀበልም፤ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ» አለች። ላፕቶፑን አቅፈው ወደ ሰፈራቸው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሮጡ።

ጠጋኟ ብሮውዘሩን ከፍታ ትንሽ አየችና፣ «እነዚህን ኤክስቴንሽኖች ማነው የጫናቸው?» አለች። ኤክስቴንሽን ማለት ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ማስታወቂያ ይከለክላል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ እንዲህ እንዲህ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ግን ሁሉም የደህንነት ናቸው! የጋሻ ምልክቱን አያዩትም? አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል ብዬ ነው አራት ያደረግኳቸው።»

«ስትጭኛቸው ምን ይል ነበር?»

«'ፍቀድ' ይላል።»

«ከሱ በላይስ?»

ሚጢ ከሱ በላይ ያለውን አንድም ቀን አንብባው አታውቅም።

ጠጋኟ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ «'የሚጎበኟቸውን ድረ ገጾች ሁሉ መረጃ ማንበብና መቀየር'። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው፣ የእህትሽም ኢሜይል። ሦስቱ ምንም ላያደርጉ ይችላሉ። መልእክቱን የላከው ግን ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ማን እንደሠራው እንኳ አይታወቅም፤ በዚህ ወር ብቻ በሱ የተነሳ ሁለት ሰው እዚህ ተቀምጦ አልቅሷል።»

«ታዲያ ምንም ሳልጭን ልኑር?»

«ማን አለሽ? ማስታወቂያና የሚከታተሉሽን የሚከለክል አንድ ጥሩ ይበቃሻል። ግን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ማን ሠራው? የተጠቀሙበት ሰዎች ምን ይላሉ? የሚጠይቀው ፍቃድስ ለሥራው ያስፈልገዋል? የገጽ ቀለም የሚቀይር ነገር ኢሜይልሽ ውስጥ ምን ይሠራል? የማትጠቀሚበትን አጥፊ። ያስቀረሽውንም አልፎ አልፎ እዪው፤ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ለሌላ ተሸጦ ሊሆን ይችላል።»

«ምክሩ ይቆየንና አሁን ክፈቺልኝ!» አለች ታላቅየዋ።

«መክፈት የሚችለው ኩባንያው ብቻ ነው፣ እህቴ። በይ አቤቱታውን እንላክ።»

አራቱንም አጥፍተው ላኩ። ዘጠኝ ሆነ። አሥር ሆነ። ሚጢ ገጹን ታድሳለች፣ መልስ የለም። እንደገና ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እሷ ምን አደረገች? በናትሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ!» ጸሐፊዋ «አዝናለሁ፣ የኔ እህት፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» ብላ ዘጋች። አሥራ አንድም አለፈ። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ።

ታላቅየዋ ብትጮህባት፣ ብትመታት ለሚጢ ይሻላት ነበር። እሷ ግን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እታለም፣ በፈጠረሽ አንድ ነገር በዪኝ» እያለች ሚጢ ታለቅሳለች።

ታላቅየዋ በመጨረሻ ቀና አለች። «ይሄን ነገር ለሌላ ሰው አስጭነሻል?»

«ለጓደኞቼ... ለሰባቱም። አሪፍ ነው ብዬ።»

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ታለቅሻለሽ? ደውዪ እንጂ!» ብላ የራሷን ስልክ እጇ ላይ አኖረችላት።

ሚጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ለመጀመሪያዋ ደወለች።

«ኧረ ሂጂ!» አለች ጓደኛዋ እየሳቀች። «የደህንነት ነው አላልሽም እንዴ? ምን ያደርገኛል?»

«እኔም እንደዛ ነበር የምለው። እህቴ በኔ የተነሳ ትምህርቷን አጣች። አሁኑኑ አጥፊው፣ ከዛ ፓስወርድ ቀይሪ። እስክትጨርሺ ስልኩን አልዘጋም። ኮምፒውተርሽ ላይ የማን ኢሜይል ነው የተከፈተው?»

ወዲያ ማዶ ሳቁ ቆመ።

«የእማዬ።»

ሚጢ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«በይ ፍጠኚ» አለች።